ሦስተኛ ፎቅ እና አምስተኛ ፎቅ

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደረሰኝ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይህ ስለ ሁለት የማማከሪያ ቦታዎች የጻፍኩት ግምገማ ሶፋውንና ሻዩን ቶሎ አልፎ ደረሰኝ ላይ ሲንጠለጠል ብታዩ አትፍረዱብኝ።

ቦታው ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ነው። ከአንበሳው ሐውልት በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ምድሩ ላይ ፎቶ ኮፒና ሞባይል ጥገና አለ። አንደኛ ፎቅ ጥርስ ክሊኒክ፣ ሁለተኛ ፎቅ የጉዞ ወኪል። ሦስተኛው ላይ «የስነ ልቦናና የሕይወት ክህሎት ማማከር» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። አምስተኛው ላይ ደግሞ የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው ክሊኒክ አለ። በስድስት ወር ውስጥ ሁለቱም ጋ ገብቻለሁ፣ ሁለቱም ጋ ከፍያለሁ። ስማቸውን ግን አልጽፍም። የሦስተኛ ፎቁን የተውኩት ለሰውየው እንጀራው ስለሆነ ነው። የአምስተኛውን ብጽፍ ደግሞ የሦስተኛው ወዲያው ይታወቃል። ሕንፃውን የሚያውቅ አሁንም አውቆታል።

ለምን እንደሄድኩ በአጭሩ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ተነሳ፣ እኛም ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ ቤት ነው፣ አላማርርም። ግን ያ የለመድኩት ጎረቤት፣ ሳይጠራ ለቡና የሚመጣው፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ሆነ። እንቅልፌም አብሮ ሄደ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲል እነቃለሁ። ልቤ ይደልቃል። ምን እንደፈራሁ አላውቅም፣ ብቻ እፈራለሁ። ቀን ቢሮ ውስጥ አንድ ድምር ሦስት ጊዜ ስሠራ ሦስት የተለያየ መልስ መጣ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

«እማዬ፣ ነገ ከሥራ ስወጣ የሚያማክር ሰው ጋ ልሄድ ነው» አልኳት።

«ምን ሆነሽ?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ጠበል ይሻልሽ ነበር። ብቻ አማኑኤል እንዳትይኝ!»

አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ስንቱን እንዳዳነ የሚያወራ ጥቂት ነው። «አማኑኤል መግባት አለበት» ሲባል ግን ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እማዬ ስሙን ነው የፈራችው። እኔም ብሆን ጀግና አልነበርኩም። ሦስተኛ ፎቅን የመረጥኩት ታፔላው ላይ «ሕክምና» የሚል ቃል ስለሌለ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ያምራል። ይህን መካድ አይቻልም። ግራጫ ሶፋ፣ ሞቅ ያለ መብራት፣ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት። ገና ሲገባ የዝንጅብል ሻይ ይቀርባል። እንግዳ ተቀባይዋ ትሁት ናት፣ «ዶክተር ይጠብቁዎታል» አለችኝ። ዶክተር የተባለው ሰው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሽክ ብሏል። ድምፁ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ ነው። ገና ከመቀመጤ «አንቺ» አለኝ። አንቱታ ናፍቆኝ አይደለም፣ ግን በዕድሜ እበልጠዋለሁ።

ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ፍሬም ቆጠርኩ። መቁጠር ልማዴ ነው። አንዱ ንግድ ፈቃድ ነው። አሥሩ የሥልጠና ሰርተፍኬት ነው፤ የአምስት ቀን፣ የሦስት ቀን፣ አንዱ እንዲያውም የግማሽ ቀን። የዶክተርነቱን ወረቀት ዓይኔ አላገኘውም። ያኔ ግን ምንም አላልኩም። ችግር ይዞት የሄደ ሰው ግድግዳ ላይ ኦዲት አይሠራም።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ወሬ ይወዳል እንጂ። ከሃምሳው ደቂቃ ሰላሳ አምስቱን እሱ ነው የሚያወራው። «ያለፈውን ልቀቂ»፣ «ራስሽን ይቅር በይ»፣ «ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመሽ ለራስሽ ፈገግ በይ»። አንድ ቀን ሞከርኩት። እማዬ በበሩ ቀዳዳ አይታኝ ጉድ ፈላ።

በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ጥሩ ነገር ሠራ። ስለ ድሮው ግቢያችን ጠየቀኝ። ስለ ኮክ ዛፋችን ነገርኩት። አባቴ የተከለው ነው። ፍሬው ሲደርስ የሰፈር ልጅ ሁሉ አጥር ላይ ይሰቀል ነበር። ሳወራ እንባዬ መጣ። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ሶፍቱን ገፋ አደረገልኝና ዝም። ለዚያ ዝምታው ማመስገን አለብኝ።

ነገር የተበላሸው በሦስተኛው ቀን ነው። ሊያበረታታኝ ፈልጎ «አንዲት ደንበኛ አለችኝ» ብሎ ጀመረ። እዚሁ አካባቢ ባንክ ትሠራለች። ባሏ እንዲህ አድርጓታል። ሁለት ልጆች አሏት፣ መንታ ናቸው። በር ላይ የምትቆመው ነጭ መኪና የሷ ናት። ስሟን አልነገረኝም፣ ግን ምን ቀረው? ሴትዮዋን ደረጃው ላይ አይቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት እንደምን ዋልሽ ተባብለናል።

እዚያው ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ የኔ ካዛንቺስ፣ የኔ ኮክ ዛፍ፣ የኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለሚቀጥለው ደንበኛ ምሳሌ ሆኖ ሲቀርብ ታየኝ። ሻዬን ጨረስኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

የንስሐ አባቴ የቤታችንን ጓዳ ሃያ ዓመት ያውቁታል። የአንድም ሰው ነገር ነግረውኝ አያውቁም። የወንጀል ሕጋችንም የሙያ ምስጢር መጠበቅ ያለባቸውን ሲዘረዝር የሃይማኖት አባቱን፣ ጠበቃውን፣ ሐኪሙንና ነርሱን አብሮ ነው የሚያነሳቸው። ምስጢር የማማከር ጌጥ አይደለም። ሥራው ራሱ እሱ ነው።

አሁን ወደ ደረሰኙ።

የሦስተኛ ፎቅ ደረሰኝ ከማሽን የወጣ ሕጋዊ ደረሰኝ ነው። ለዚህ አደንቀዋለሁ፣ ስንቱ በብጣሽ ወረቀት ይሸኛል። «የማማከር አገልግሎት 1,200 ብር። ቫት 15 በመቶ 180 ብር። ድምር 1,380 ብር።» ሦስት ቀን ሄጃለሁ፣ 4,140 ብር። የምሠራበት ድርጅት የሕክምና ኢንሹራንስ ገብቶልናል፣ 80 በመቶውን ይመልሳል። እኔም 3,312 ብር በልቤ ገቢ አድርጌ ነበር። ደረሰኞቹን አያይዤ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። አይከፈልም። አገልግሎቱን የሰጠው ሰው በውሉ ትርጉም መሠረት የአእምሮ ጤና ባለሙያ አይደለም ይላል።

መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ረገምኩ። ላለመክፈል ሰበብ ፍለጋ ነው ብዬ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ደረሰኙን እንደገና ሳየው ክው አልኩ። ቫት! የሕክምና አገልግሎት ከቫት ነፃ ነው። ሐኪም ቤት ካርድ ስታወጡ 15 በመቶ ተጨምሮባችሁ ያውቃል? አያውቅም። ሰውየው ቫት ባስከፈለኝ ቁጥር ደረሰኙ «እኔ ሕክምና አይደለሁም» ይለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ይህን ለመስማት 540 ብር ከፍያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ደረሰኝ ሳገላብጥ የኖርኩት ሴትዮ አላየሁትም።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳላጎድል። ሰውየው ሕግ አላታለለም። የማማከር ንግድ ፈቃድ አውጥቷል፣ ግብሩን ይከፍላል፣ የሚገባውን ቫት ሰብስቧል። ታፔላው ላይ ሐኪም ነኝ አላለም። «ዶክተር» የምትለው ልጅቷ ናት። እሱ ደግሞ አላረማትም።

የኢንሹራንሱን ውል ከመሳቢያ አወጣሁ። ከፈረምኩት ጀምሮ ገልጬው አላውቅም። «የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማለት» ይልና ይዘረዝራል። የአእምሮ ሐኪም፣ ሳይኮሎጂስት፣ በዘርፉ የሠለጠነ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር። ሁሉም ግን በሚሠሩበት አገር የተመዘገቡና የሙያ ፈቃድ ያላቸው መሆን አለባቸው። ያን ሌሊት እንደ ልማዴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ ስልኬን አንስቼ ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደሚተረጉሙት ማንበብ ጀመርኩ። የሕግ ጽሑፍ ያስተኛል ብዬ ነበር። አላስተኛኝም። ለካ ጉዱ እዚያ ውስጥ ነው።

የደቡብ አፍሪካው እ.ኤ.አ. የ2002 የአእምሮ ጤና ክብካቤ ሕግ ከእኛ ውል ጋር ወንድማማች ይመስላል። ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም)፣ የተመዘገበ ሐኪም፣ ነርስ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ታማሚን የዕለት ኑሮ ሥራ መልሶ የሚያለማምድ ባለሙያ)፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከር ይላል። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ መሆኑ ግን ግድ ነው። የህንዱ እ.ኤ.አ. የ2017 ሕግ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከሳይካትሪስቱና በክፍለ ግዛቱ ከተመዘገበው ባለሙያ ጎን የአገሩን የባህል ሐኪሞችም አስገብቷል። በአዩርቬዳ፣ በዩናኒ ወይም በሲድሃ፣ ከዚያም በሆሚዮፓቲ፣ በአእምሮ ሕክምናው ዘርፍ ድኅረ ምረቃ ዲግሪ ያለው ሰው በሕጉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ይህን ለእማዬ ነገርኳት።

«ታዲያ ጠበሉስ?» አለችኝ።

ጠበል ድኅረ ምረቃ የለውም ልላት ነበር። ተውኩት።

ቢሯችን ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ የፕሮግራም ኃላፊ አለ። ድሮ አገሩ ላይ ሶሻል ወርከር ነበር። ቡና ላይ ነገሩን ሳነሳበት ዓይኑ በራ። እነሱ ጋ ታማሚ ያለ ፈቃዱ ሆስፒታል ይግባ ብሎ የሚያመለክት፣ በሕግ የተሰየመ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ። ቀድሞ ይህን የሚሠራው ሶሻል ወርከር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሕጉ ተሻሽሎ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ነርሱም፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱም፣ ሳይኮሎጂስቱም ሰልጥኖ መሾም ይችላል ተባለ።

«ሐኪሙስ?» አልኩት።

«ሐኪም አይችልም። ሕጉ በግልጽ ከልክሎታል።»

የቡናዬ ሲኒ አፌ ላይ ቀረ። ዶክተር የአእምሮ ጤና ባለሙያ መሆን የማይችልበት ሕግ! ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ግን ገባኝ። ሐኪሞቹ የሕክምናውን አስተያየት ይጽፋሉ። ይህኛው ሰው ደግሞ ኑሮውን፣ ቤተሰቡን፣ ሌላ መላ መኖሩን ከሕክምናው ውጭ ባለ ዓይን ማየት አለበት። እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ይህን እናውቀዋለን። ቼክ የሚያዘጋጀውና የሚፈርመው ሰው አንድ አይሆንም። እዚያው አገር ግን «ካውንስለር» የሚለውን ስም ማንም ሰው በሩ ላይ ቢለጥፍ ሕግ አያግደውም። «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት» ብሎ ቢለጥፍ ግን ይጠየቃል። ሦስተኛ ፎቅ የእኛ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲያትል ነው የምትኖረው። አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። በድምፅ መልእክት ጻፍኩላት፣ መጻፍ ካልኩት። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ምዕራፍ 71.05 ላይ ሳይካትሪስት፣ ሳይኮሎጂስት፣ የሳይካትሪ ነርስ፣ ሶሻል ወርከር እያለ ይዘረዝርና ሌሎችንም ይጨምራል። ሰውን አስገድዶ ሕክምና የማስገባት ሥልጣን ያለው ባለሙያ ግን ለብቻው ይሰየማል። የዚያ ሰው የሥራ ስም እ.ኤ.አ. በ2018 ተቀይሮ «የአእምሮ ጤና» የሚለው ቃል እንኳ ወጥቶለታል። የአክስቴ ልጅ ሳቀችብኝ። «አንቺ፣ እዚህ እኮ ሰው የማጥበው እንኳ በፈቃድ ነው። በየዓመቱ ነው የማሳድሰው» አለችኝ።

የእኛስ? በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የጤና ባለሙያን የተረጎመው በመመዝገቡ ነበር። ካልተመዘገበና የሙያ ፈቃድ ካልያዘ መሥራት አይችልም። ከዚያ ወዲህ ሕጎቹ ቢቀያየሩም ምዝገባና ፈቃድ የሚሉት ሁለቱ ቃላት አልጠፉም። ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የሚጥም ትርጉም ነው። ሰውየው ጎበዝ ነው ወይ፣ ሩኅሩኅ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። መዝገብ ላይ አለ ወይስ የለም? በቃ።

እና አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ሦስተኛ ፎቅን ሳልፍ እንደ ተበዳሪ አንገቴን ደፍቼ ነው ያለፍኩት። የክሊኒኩ መቆያ ክፍል ጠባብ ነው፣ ፕላስቲክ ወንበር፣ የሚያስል ሕፃን፣ ሻይ የለም። ካርድ 200 ብር። ቀጠሮ 700 ብር። ቫት የለም። ያቺን ባዶ መስመር ሳያት ደስ አለኝ፣ ሰው በደረሰኝ ደስ ይለዋል ወይ አትበሉኝ።

«ሲስተር ጋ ይግቡ» ተባልኩ። ቅር አለኝ። ነርስ? እኔ እኮ ሐኪም ፍለጋ ነው የመጣሁት። ለሁለት ደቂቃ ያህል ገንዘቤን አስመልሼ ልሄድ አስቤ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩት ዝርዝር ሁሉ ውስጥ ነርስ እንዳለች ረስቼው።

ደግሞ የኛን አገር ታሪክ ትንሽ የሚያውቅ ሰው በሳይካትሪ ነርስ ቅር አይለውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ያግዙ ነበር። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት መሆን የፈለገ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚማረው። በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች አንድ ሚኒባስ ቢሳፈሩ ብዙም ቆሞ የሚሄድ አይኖርም። በየክፍለ ሀገሩ ሥራውን ተሸክመው ያቆዩት እነዚህ ነርሶች ናቸው።

ሲስተር ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እርስዎ» ብላ ጀመረች፣ «አንቺ በይኝ» እስክላት ድረስ። ከመጠየቋ በፊት አንድ ነገር ነገረችኝ። እዚህ የሚወራው እዚህ ይቀራል። ራሴን ወይም ሌላ ሰው ልጎዳ ካሰብኩ ግን ለብቻዋ አትይዘውም። ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሦስተኛ ፎቅ በሦስት ቀን ያልተነገረኝ ነገር ነው።

ከዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ፣ መሞት መመኘት ሳይቀር። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሰጣል። 27 ሙሉ ነው፣ እኔ 13 አመጣሁ። ቁጥሩን ስሰማ ተረጋጋሁ። ቢያንስ የሚለካ ነገር ነው። የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች፣ ልብ የሚያስደልቀው እሱም ሊሆን ይችላል ብላ። ንጹሕ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው የአእምሮ ሐኪም አንድ ጊዜ አየኝና ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግሽም፣ ከሲስተር ጋር ቀጥይ አለኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ 1,000 ብር። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ሲስተር የሰጠችኝ ሥራ ቀላል ይመስላል። ደብተር ያዢ፣ የተኛሽበትንና የነቃሽበትን ሰዓት ጻፊ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ቡና የለም። ሌሊት ነቅተሽ ሃያ ደቂቃ ካለፈ አልጋ ላይ አትታገዪ፣ ተነሺና ሳሎን ተቀመጪ፣ ሲጫጫንሽ ተመለሺ። ስልክ አትንኪ።

«ሕግም አላነብም?» አልኳት።

«ምን ሕግ?»

ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። ይህን ዕድል ተጠቅሜ የሙያ ፈቃድሽን ልይ አልኳት። ትቀየማለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ተነስታ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን አሳየችኝ። ስሟ፣ ሙያዋ፣ የምዝገባ ቁጥሯ፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን። አላለፈም፣ አይቻለሁ። «በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ይህን የጠየቅሽኝ ሁለተኛዋ ነሽ» አለች። የመጀመሪያዋ ማን እንደነበረች ብጠይቃት ደስ ባለኝ። እንደማትነግረኝ ግን ያኔ አውቄያለሁ።

ስድስት ጊዜ ሄድኩ። ስለ ገላን ጉራ፣ ስለ እማዬ፣ ስለ አባቴ ዛፍ አወራን። እሷ ትንሽ ነው የምታወራው። ከሁለት ወር በኋላ ዘጠኙን ጥያቄ ደገመችልኝ፣ 6 ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሁንም አንዳንዴ እነቃለሁ። ልቤ ግን ዝም ብሏል።

ጉድለታቸውን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አለ። አንደኛው ነገር ጩኸቱ ነው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ተራ ሲደርስ ሙሉ ስም ትጠራና «የአእምሮ ክፍል!» ብላ ታክልበታለች። የመቆያ ክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንድ ወጣት ስሙ ሲጠራ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ሰዉ ሲረሳው ቀስ ብሎ ሲገባ አይቻለሁ። ምስጢር የሚጠብቁ ባለሙያዎች ውስጥ ተቀምጠው በሩ ላይ እንዲህ ይበተናል። ለሲስተር ነገርኳት፣ አዘነች፣ በሚቀጥለው ሳምንት በቁጥር መጥራት ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ቆየና ወደ ድሮው ተመለሱ። ሌላው ግድግዳው ነው። ስስ ስለሆነ የጎረቤቱ ቢሮ ሬዲዮ ይሰማል። አርባ ደቂቃ የተባለው ቀጠሮም ሰው ሲበዛ ሠላሳ ይሆናል።

ሦስት ወረቀቶች አሉ፣ ሰው ያምታታቸዋል፣ እኔም አምታትቻለሁ። ንግድ ፈቃድ ማንም ነጋዴ ያለው ነው፤ ልብስ ሰፊውም አለው። የብቃት ማረጋገጫ የሚባለው ለተቋሙ ነው፤ ክሊኒኩ ክሊኒክ ለመባል ማሟላት ያለበትን ማሟላቱን ያሳያል። የሙያ ፈቃድ ግን ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው የራሱ ነው። ስሙ አለበት፣ ሙያው አለበት፣ የሚያበቃበት ቀን አለበት። መታየት ያለበት ይህ ሦስተኛው ነው። በስነ ልቦና ዲግሪ ያለው ሁሉ በጤና ባለሙያነት ተመዝግቧል ማለት አይደለም፣ ሳይመዘገብ ጥሩ አድማጭ የሆነም ሞልቷል። የልብን ለመተንፈስ ብቻ ከሆነ የት እንደምትሄዱ አልመርጥላችሁም። እንቅልፍ አጥታችሁ፣ ልባችሁ እየደለቀ፣ ወይ መኖር አስጠልቷችሁ ከሆነ ግን ከበሩ ጀርባ ያለውን ወረቀት እዩ። ወረቀቱን ማየት ካሳፈራችሁ ደረሰኙን እዩ።

ነጥብ ከአምስት። ለሦስተኛ ፎቅ ሁለት እሰጣለሁ፣ አንዱ ለዚያ ዝምታ፣ አንዱ ለሕጋዊው ደረሰኝ። ለአምስተኛ ፎቅ አራት። አንዱን የቀነስኩት ለካርድ ክፍሏ ልጅ ጉሮሮ ነው። በጠቅላላው 6,050 ብር ከፈልኩ፣ ካርዱን፣ ስድስቱን ቀጠሮ፣ ሐኪሙንና የ650 ብሩን የደም ምርመራ ጨምሮ። ኢንሹራንሱ 4,840 ብር ሳያንገራግር መለሰ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራሉ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከደረሳችሁ ወረፋ የለም። ደረጃውን ለመውጣት ግን ትንፋሽ ያዙ።

እማዬ ለውጡን አይታለች። ሌሊት ስንት ጊዜ ሳሎን እንደወጣሁ ስትቆጥር የነበረችው እሷ ናት፣ አሁን ቁጥሩ ቀነሰ። ባለፈው እሁድ ቡና እያፈላች በጎን አየት አደረገችኝ።

«ያቺ ሲስተርሽ» አለች፣ «ጉልበቴን ታይልኝ ይሆን?»

«አይ እማዬ፣ እሷ እኮ ፈቃዷ ለአእምሮ ነው። ጉልበት አይነካም።»

ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ታዲያ ምኑን ሲስተር ሆነችው!»